በአንድ የደም ቁጥር እንቁላልና ወተት ተከለከልን፦ ለጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለምትመሩ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ስለተቋረጠው የሕፃናት የአለርጂና የአስም ክትትል፣ እንዲሁም ያለ በቂ ምክንያት ስለሚታዘዘው የአንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) የደም ምርመራ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጊዜያችሁን ላለመሻማት በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

እኛ አስም፣ ችፌና የምግብ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነን። ሸዋበር፣ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሆጤ እንኖራለን። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚመላለሱም አሉን። የተዋወቅነው በአንድ የጤና ተቋም አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ ለእንደኛ ዓይነት ልጆች ብቻ የሚከፈት ክፍል ነበር። አንድ ሐኪምና አንዲት ሲስተር ይሠሩበታል። ብዙ ዕቃ አልነበረውም። ግን ልጁን የሚያውቅ ሰው ነበረው። ሲስተሯ ካርዱን ሳትገልጥ «እናትዬ፣ ሌሊት ያስለዋል? ፓፉን ስንቴ ሰጠሽው?» ትላለች። መልሱን ትጽፋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ታስታውሰዋለች።

ከዚያ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ክትትሉ የተቋረጠ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። የሚቀጥለው ማስታወቂያ አልመጣም። ወረቀቱ ግን ጠርዙ ተጠቅልሎ አሁንም እዚያው አለ። ጽፈን፣ ፈርመን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አስገባን። «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ተመታልን። ከማኅተሙ በቀር መልስ አላየንም። ዛሬ በአደባባይ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። በ2014ቱ ጦርነት በከተሞቻችን ጤና ተቋማት ላይ የደረሰውን ዘረፋ አንረሳም። ስለዚህ ውድ ማሽን ይምጣልን አላልንም። ከዚህ በታች የምንጠይቀው አብዛኛው ነገር አንድ ክፍል፣ አንድ ሰርኩላርና የፎቶኮፒ ወረቀት ነው።

ክፍሉ ሲዘጋ ልጆቻችን ወደ ጠቅላላው የተመላላሽ ሰልፍ ተቀላቀሉ። በየጊዜው አዲስ ሰው ያያቸዋል። አዲሱ ሰው ጊዜ የለውም። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ የሚቀናው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት ቆርጦ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ መላክ። አሁን ከእኛ መሀል «አይጂኢ አሠሪ»፣ ማለትም የአለርጂ አንቲቦዲ በደም አስለኪ፣ ያልተባለ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ከገንዘቡ የባሰው ውጤቱን ይዘን ስንመለስ የሚነገረን ነገር ነው።

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የሚነገረንን ነገር በጉዳዩ ላይ ከታወቀው ጋር ማስተያየት ግን ሐኪም መሆን አይጠይቅም።

ከአራስ ልጅ እንጀምር። ከአባሎቻችን አንዷ የመጀመሪያ ልጇ አስም አለበት። ሁለተኛዋን እንደወለደች፣ «ከአንቺ ወደ ልጅቷ የወረደ የአለርጂ አንቲቦዲ እንዳለ ይታይ» ተባለች። የአራሷ ደም ተቀዳ። የእናትየውም ተቀዳ። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ክፍያ። ውጤቱ ሲመጣ የእናትየው ቁጥር ከፍ ያለ፣ የልጅቷ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። «ገና አልወጣባትም፤ ከእናት ያለው ግን ይወርዳል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» ተባለች። እናቲቱ ያንን ሦስት ወር እንዴት እንዳሳለፈችው እኛ ነን የምናውቀው። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ትነሳለች።

አንቲቦዲ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው አይጂጂ የሚባለው ነው። ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ያልፋል፤ አብዛኛው የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ልጅ የአይጂጂ መጠኑ ከእናቱ ሊበልጥም ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ይህ ስንቅ ይጎድለዋል። ስንቁም በመጀመሪያዎቹ ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡር የቴታነስ ክትባት የምትሰጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናት የሠራችው መከላከያ ለልጁ እንዲደርሰው።

የአለርጂው አንቲቦዲ ሌላ ነው። አይጂኢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና 1967 አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናዊ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ስዊድን ኡፕሳላ የነበሩ ተመራማሪዎች ለየብቻ ደረሱበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙን አጸደቀ። አይጂኢ የእንግዴ ልጅን አያልፍም። በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው፣ ሲቀዳ የእናት ደም ካልተቀላቀለበት በቀር፣ ሕፃኑ ራሱ የሠራው ነው። ስለዚህ «ከእናት ያለው ይወርዳል» የሚባል ነገር የለም። የሚወረሰው ዝንባሌው ነው፤ እሱም በዘር እንጂ በደም ሥር አይመጣም።

በእትብት ደም አይጂኢ የልጅን የወደፊት አለርጂ ለመተንበይ ተሞክሮ ያውቃል። ለዓመታት ተጠንቷል። ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ልጆች በመጠኑ የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ግን በኋላ አለርጂ ከያዛቸው ልጆች ብዙዎቹ ሲወለዱ ቁጥራቸው ዝቅተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚታመመውን ልጅ ያሳልፋል፣ የማይታመመውን እናት ያስለቅሳል። አራስን ሁሉ ለመለየት እንዲውል የማይመከረው ለዚህ ነው። «አባቱ ወይ እናቱ አስም አለባቸው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ቁጥር ያላነሰ ይናገራል። ያውም በነፃ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉም የሚብሰው ነው።

ሸዋበር የምትኖር አባላችን ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ አላት። ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ ወጣበት። ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል። ሐሙስ ቢኖር ኖሮ ቫዝሊንና ቅባት ታዞለት፣ ምን ሲበላ ምን እንደሚሆን እናቱ ተጠይቃ ይመለስ ነበር። ሐሙስ የለማ። ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ተላከ። የጠቅላላ አይጂኢ ቁጥሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ መጣ። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ተሳለበት። የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ያለውን ሠራተኛ ስለ ቀስቱ ጠየቀችው። «ዶክተር» ነው ያለችው፤ እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ከባድ አለርጂ አለበት፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ እንዳይነካ» አላት። «ታዲያ ምን ይብላ?» ስትለው «ቀለል ያለ ነገር» አለ።

ቀለል ያለው ነገር የጤፍ ሙቅ ሆነ። ውሃና ጤፍ፣ ጠዋትም ማታም። ልጁ መራመዱን ትቶ መቀመጥ ወደደ። ከወራት በኋላ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የክንድ መለኪያዋን አጠለቀችለት። ቀዩ ላይ አረፈ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት።

ጤና ጣቢያ ተወሰደ። የተሰጠው ምን መሰላችሁ? ፕላምፒ ነት። የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር። እናቲቱ ፓኬቱን ይዛ ቆመች። አንዱ መስኮት እንዳይነካ ያላትን ሌላው መስኮት መድኃኒት ነው ብሎ ሰጣት። የላቦራቶሪ ወረቀቷን አውጥታ አሳየች። ተረኛዋ ሲስተር አንብባ ዝም አለች። ከዚያ «እዚሁ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ በጣትሽ ጫፍ አቅምሽው፤ ሁላችንም እናየዋለን» አለቻት። አቀመሰችው። ጠበቁ። ምንም አልሆነም። ቀሪውን ፓኬት ልጁ ራሱ ይዞ ላሰው። ሠገራው ሲመረመር ደግሞ ወስፋት ተገኘበት።

ያ ቁጥር ለምን ከፍ እንዳለ የሚነግረን አንድ ሰው ጠፍቶ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። አይጂኢ በአለርጂ ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ሰውነት የአንጀት ትልን ሲታገል አይጂኢ ያመርታል። ወስፋት፣ መንጠቆ ትል ወይም ቢልሃርዚያ ያለበት ልጅ አለርጂ ኖረውም አልኖረው ጠቅላላ ቁጥሩ ሰማይ ሊነካ ይችላል። በቦርከና ዳር ቢልሃርዚያ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ላቦራቶሪው «መደበኛ» ብሎ የሚያትመው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ትል በማይበዛበት አገር ከተለኩ ሰዎች የተወሰደ ነው። በዚያ ሚዛን ከተለካ የወሎ ልጅ ግማሹ ቀስት ይሳልበታል።

ለአንድ ምግብ ብቻ የሚለካው አይጂኢም ቢሆን ያለ ታሪክ አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጋና ጥናት አለ። የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ከስድስት ልጆች የአንዱ ገደማ ደም ውስጥ የኦቾሎኒ አይጂኢ ተገኘ፤ ቆዳቸው ላይ ሲፈተሽ ግን ከእነዚህ የተቆጡት ጥቂት ነበሩ። ነገሩ ከቢልሃርዚያ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ማለትም ደሙ «አለርጂ» ይላል፣ ልጁ ኦቾሎኒውን እየቆረጠመ ይጫወታል። አሁን አሁን ደግሞ ለብዙ ምግቦች አይጂጂ የሚለካ ረጅም ዝርዝር ይዘው የመጡ አሉ። እሱ ከነጭራሹ የአለርጂ ምርመራ አይደለም። ለምግብ የሚሠራ አይጂጂ ሰውየው ያንን ምግብ በልቶ እንደሚያውቅ ነው የሚናገረው። የአውሮፓም የአሜሪካም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት እንዳይታዘዝ መክረዋል። እኛ ጋ ግን የእንቁላል አይጂጂ ያለበት ልጅ ከእንቁላል ይባረራል።

«በእኛ አገር አልተጠናም» እንዳትሉን። ጅማ ላይ የተሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል፤ አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ውስጥ እንደሚበዛ ያሳየ ነው። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆችን ከእርግዝና አንስቶ የተከታተለ ጥናት አለ፤ ትልና አለርጂን አብሮ ያየ። ከጎረቤትም ትምህርት አለ። ዩጋንዳ ኢንቴቤ ላይ በእርግዝና ወቅት አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ልጆች ላይ ችፌ በዝቶ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ይህንን በስልኳ ያነበበች አንዲት አባላችን ለትልቁ ልጇ የትል መድኃኒት አልሰጥም ብላ ነበር። ጥናቱ ስለ ነፍሰ ጡሮች ነው፤ ስለ ተማሪ ልጅ አይደለም፤ ትል የልጅን ደምና ምግብ ይሻማል። ይህን ያስረዳናት እኛው በቡና ላይ ነን። የእኛ ሥራ መሆን ነበረበት? አልነበረበትም።

ወደ ነፍሰ ጡሮች እንምጣ። የኮምቦልቻዋ አባላችን የመጀመሪያ ልጇ አስም ስላለበት፣ ሁለተኛውን ስታረግዝ «እንቁላልና ወተት አቁሚ፣ ልጁ ላይ አለርጂ እንዳይፈጠር» ተባለች። አቆመች። ሥጋ እንደሆነ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። በሚቀጥለው የቅድመ ወሊድ ክትትል «ኪሎሽ አልጨመረም፤ ለምን አትበዪም?» ተብላ ተቆጡባት። በዚያው ግቢ ነው፣ በዚያው ካርድ። አክስቶቻችን ድሮም «እንቁላል አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» ይሉን ነበር። እነሱን ለማሳመን ስንት የጤና ትምህርት ተሰጠ! ያው ክልከላ አሁን ጋዋን ለብሶ ተመለሰ። ነፍሰ ጡር እነዚህን ምግቦች ብታቆም የልጇ አለርጂ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እንዲያውም በአይጥ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ ተቃራኒውን ይጠቁማል፦ እናቲቱ ምግቡን ስታውቀው የሠራችው አይጂጂ በጡቷ ወተት አልፎ ልጆቿን ከዚያ ምግብ ጋር ያስማማል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ እናውቃለን። ግን ቢያንስ «አትብዪ» ለማለት ማስረጃው የት አለ?

ክልከላው ከየት እንደመጣ ስንፈልግ አገኘነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ኦቾሎኒና ዓሣ እስከ 3 ዓመት ይቆይ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ራሱ ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ወጣ። ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኦቾሎኒ ያለበትን ምግብ አዘውትረው በሉ፣ ግማሾቹ ጨርሶ እንዳይነኩ ተደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17.2 በመቶው የኦቾሎኒ አለርጂ ያዛቸው። ከበሉት 3.2 በመቶው ብቻ። የተጠበቀውና የሆነው ተገለባበጠ። አሜሪካኖቹ የሰረዙትን ምክር ደሴ ላይ በገንዘባችን እየገዛን ነው።

ምክንያቱም ቢሆን ለእናት ሊነገር የሚችል ነው። ምግብ በአፍ ገብቶ አንጀት ሲያውቀው ሰውነት መልመድ ይቀናዋል። በተሰነጠቀና በቆሰለ ቆዳ በኩል ሲገባ መቆጣት ይቀናዋል። ስለዚህ የችፌ ልጅ ቆዳ ሳይደርቅ በቫዝሊን ይያዝ፤ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ በደንብ የበሰለ እንቁላልና በሙቅ ውስጥ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይቅመስ። ከባድ ችፌ ያለበት ወይም ከዚህ ቀደም ያበጠ ልጅ በሐኪም ፊት። ቆሎ ውስጥ ያለውን ሙሉ ኦቾሎኒ ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ እሱ የሚያንቅ ነገር ነው። ይኸው፤ አንድ ገጽ አልሞላም።

ስለ ጡት በአጭሩ። ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት እናት «አለርጂው በወተትሽ ነው የሚገባው» ተብላ ጡት አስጣለችና የቆርቆሮ ወተት ገዛች። ያ የቆርቆሮ ወተት የተሠራው ከላም ወተት ነው። ከላም ወተት ለመሸሽ ላም ገዛች ማለት ነው። የእናት ጡት፣ በተለይ የመጀመሪያው እንገር፣ አይጂኤ የሚባለውን አንቲቦዲ በብዛት ይዟል፤ የሕፃኑን አንጀት የሚጠብቅ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ በእርግጥ የላም ወተት አለርጂ ካለበት፣ እናት ለጊዜው የወተት ተዋጽኦ ትታ ማጥባቷን ትቀጥላለች። ጡት ማስጣል መጀመሪያ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

የኩፍኝ ክትባት ጉዳይ ግን አስፈርቶናል። እንቁላል ያሳበጠው የዘጠኝ ወር ልጅ «የእንቁላል አለርጂ ካለው አንከትብም» ተብሎ ተመለሰ። እናቱ ደስ ብሏት ነው የሄደችው፤ ልጇን ያዳኑላት መስሏታል። የእንቁላል አለርጂ የኩፍኝ ክትባትን አይከለክልም። ክትባቱ የሚመረተው በጫጩት ፅንስ ሴሎች ላይ እንጂ በእንቁላሉ ነጭ ውስጥ አይደለም። ዘጠኝ ወር የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት ከእናት የተላለፈው አይጂጂ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ስንቅ ስላለቀ ልጁ ለኩፍኝ ክፍት ነው። የመለሳችሁት ልጅ በትክክል በዚያ ክፍት ሰዓት ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወር ነው። እስከዚያ ኩፍኝ ቢገባ ማን ይጠየቃል?

አድሬናሊንም አለ። ዓሣ የማይስማማት የአንዲት አባላችን ልጅ ሐይቅ ላይ ለሽርሽር ሄደው ሳታውቅ ቀመሰች። ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ሃይድሮኮርቲዞን ተወጋች። አድሬናሊኑስ? «ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ከተረኛው ጋ ነው፤ ተረኛው ምሳ ወጥቷል።» ልጅቷ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። ግን እንዲህ ላለው ድንገተኛ የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ በጭን ጡንቻ፣ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው። አምፑሉ ርካሽ ነው። ቁልፍ አያስፈልገውም።

ሐሙስን ስለዚህ ሁሉ ነው የምንፈልገው። ሲስተሯ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጥ በጋለ ሽቦ በስታ ፓፉን እንዴት እንደሚገጠምበት ታሳየን ነበር። ትርፍ ነገር አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትኖ ልክ እንደ ተገዛው ስፔሰር (ፓፉ የሚገጠምበት የመተንፈሻ ዕቃ) እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። እሷ ካለች አይጂኢ ማን ይጠይቃል?

የምንጠይቀው ይህ ነው።

የሐሙሱ ክትትል ይመለስ። ሐሙስ ካልተመቸ ሌላ ቀን ይሁን፤ ግን ሰዎቹ የማይቀያየሩበት ይሁን። ለኮምቦልቻም በወር አንዴም ቢሆን ይመደብ፤ የታፈነ ልጅ ይዞ ዳገቱን መውጣት ምን እንደሆነ ጎማው ሳይቀር ያውቃል።

ለመንግሥትም ለግልም የጤና ተቋማትና ላቦራቶሪዎች አንድ ሰርኩላር ይውጣ። የአራስ ልጅ አይጂኢ ለትንበያ አይታዘዝ። የምግብ አይጂጂ ዝርዝር እንደ አለርጂ ምርመራ አይሸጥ። ጠቅላላ አይጂኢ ከፍ ያለበት ልጅ መጀመሪያ ሠገራው ይታይ። ከሁሉም በላይ፣ ላቦራቶሪ ውጤት ይስጥ እንጂ ምግብ አይከልክል። ምግብ የሚከለከለው የልጁን ታሪክ የሰማ ሐኪም ሲወስን ነው፤ ያኔም በምን እንደሚተካና መቼ እንደገና እንደሚሞከር ተጽፎ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራንና የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ ባለሙያዎች ይህን ሰርኩላር ለማርቀቅ ቢጋበዙ እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ጨቅላ ሕፃን ምግብ አንድ ገጽ ምክር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ በክትባት ቀን ይታደል። ፎቶኮፒውን እኛ እናዋጣለን፤ ቀልድ አይደለም።

የእንቁላል አለርጂ አለበት ተብሎ ከኩፍኝ ክትባት የተመለሰ ልጅ ሁሉ ተፈልጎ ይከተብ። ይህ ቀጠሮ አይፈልግም።

በየድንገተኛ ክፍሉ አድሬናሊን ከቁልፍ ይውጣ፤ በኪሎ የሚሰጠው መጠን ከአጠገቡ ይለጠፍ።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። እምቢ የምትሉት ካለም ምክንያቱ ይጻፍልን። ለመነጋገር ከጠራችሁን በማንኛውም ቀን እንመጣለን። ልጆቹን ይዘን ስለምንመጣ ግን ሰፋ ያለ ክፍል አዘጋጁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአስም፣ የችፌና የምግብ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ወላጆች ስብስብ ጸሐፊ
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት
ደሴ

ግልባጭ፦
ለከተማው የግል ላቦራቶሪና ክሊኒክ ባለቤቶች
ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች
በሩ ላይ ለተለጠፈው ማስታወቂያ ፈራሚ